የሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕና ስፒከር፦ ችግርና መፍትሄ

ድምፁ ደካማና ቀጭን ነው፣ ቤዝ የለውም፣ ቮልዩሙ እስከ ጥግ ቢዞርም ለውጥ የለም።

ይህ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ አምፕ ሊገዛ ተነስቷል። አይግዛ! የጎደለው ዋት ሳይሆን ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የማጫወቻውን ደካማ ሲግናል ለአምፑ የሚያዘጋጅ ትንሽ ማጉያ፣ ነው። ኤምኤም ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘውና ንዝረቱን በማግኔት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ የአምፑ «ኦክስ» መግቢያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይጠብቃል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ በጣም ወፍራም በሆነው በ20 ኸርዝ ድምፅ ላይ ቅነሳው 20 ዴሲቤል ያህል ነው። ይህን ወደ ቦታው የሚመልሰው ፕሪአምፑ ነው። ባለ 200 ዋት አምፕ ቀይረው ያንኑ ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ለዚህ ነው። የማይክሮፎን ማጉያ ይተካዋል የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ድምፁን ያጎላል እንጂ ቤዙን አይመልስም።

ማጫወቻው ጀርባ «ፎኖ/ላይን» የሚል ማብሪያ ካለ ፕሪአምፑ ውስጡ አለ ማለት ነው፤ «ላይን» ላይ አድርጉና ገመዱን ኦክስ ላይ ሰኩ። ከሌለው 40 ዴሲቤል፣ ማለትም መቶ እጥፍ የሚያጎላ፣ መግቢያው 47 ኪሎ ኦም የሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ ግዙ። አምፑ የራሱ «ፎኖ» መግቢያ ካለው ግን ማብሪያው «ፎኖ» ላይ ይሁን። የማጫወቻውና የአምፑ ፕሪአምፖች ከተደራረቡ ድምፁ የሚያጓራና የተሰባበረ ይሆናል፣ ስፒከሩም ሊጎዳ ይችላል። ማብሪያውን ከመንካታችሁ በፊት ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ። ገመድ ከመንቀላችሁም በፊት እንዲሁ።

ሴራሚክ ካርትሪጅ (በማግኔት የማይሠራ፣ ጠንከር ያለ ሲግናል የሚያወጣ ዓይነት) ያለው ማጫወቻ ፎኖ ፕሪአምፕ አያስፈልገውም።

ቮልዩም ሲጨመር ድምፁ ይሰነጠቃል።

እዚህ ጋ ጥፋቱ በእርግጥ የአምፑ ነው። ሳጥኑ ላይ «100 ዋት» ተጽፎ ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር መሸጡ ገዢን ማታለል ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ትንሽ አምፕ በ8 ኦም ስፒከር ላይ በስሌት እንኳ ከ9 ዋት በላይ ንጹህ ድምፅ አይሰጥም። በ24 ቮልት ጣሪያው 36 ዋት ይሆናል፤ አምፑ 24 ቮልት እንደሚችል ሳታረጋግጡ ግን አዳፕተር አትቀይሩ፣ ይቃጠላል። ስፒከር ስትመርጡ ከዋቱ ይልቅ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እዩ። 84 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር 90 ከሆነው እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። «8 ኦም ብቻ» በሚል አምፕ ላይ 4 ኦም ስፒከር አታስሩ።

ቮልዩም ሲጨመር እየበረታ የሚሄድ ጩኸት ይመጣል።

ስፒከሩና ማጫወቻው አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ይገባል። ለዩዋቸው፤ ከሥር ስፖንጅ ማንጠፍ ብቻውን አይበቃም።

የማያቋርጥ «እምም» አለ።

ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ከአምፑ ወይም ከፕሪአምፑ የግራውንድ ብሎን ጋር አልታሰረችም። እሰሯት። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ሕይወት ያስከፍላል፤ በፍጹም እንዳታደርጉት።

ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፣ ቤዙ ግን መሃል ስትቀመጡ ይጠፋል።

የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጧል። አምፑን አጥፍታችሁ የዚያን ስፒከር ሁለት ገመዶች አቀያይሩ።