ከአስፋልቱ ማዶ ላለ ቤት የሚሆን መኪና፦ የአካሉን ዓይነት እንዴት እንምረጥ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው መኪና ለመግዛት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው፣ ከዚያም ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ የሚለው ይመጣል። የአካሉ ዓይነት፣ ማለትም የዕቃ መጫኛው ለብቻው የተለየ አውቶሞቢል ይሁን የዕቃ ቦታው ከመቀመጫው ጋር የተያያዘ ሀችባክ፣ ቁመናው ከፍ ያለ ኤስዩቪ ይሁን ፒክአፕ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በዓይን ነው። ኮዬ ፈጬ አካባቢ በርካታ ክረምቶችን ካሳለፍኩ በኋላ ግን ለእኛ ለዳርቻ ነዋሪዎች መኪናውን መምረጥ ያለበት ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ ቤት በር ያለው የመጨረሻው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ተረድቻለሁ።

ስለዚህ መኪና ማየት ከመጀመርዎ በፊት ያንን መንገድ በእግርዎ ይሂዱበት፤ ቢቻል በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይሁን። ኮብልስቶን ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም፤ ማንኛውም ጤነኛ መኪና በዝግታ ይሄድበታል። ኮረኮንች ከሆነ ጎማውና አሞርዛተሩ ይፈተናሉ። ጥቁር መረሬ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአቃቂ ጀምሮ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ዳርቻ በብዛት የሚገኘው ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህም ምክንያት ጠጠር ቢደፋበት እንኳ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል፤ ጎማ የሚረግጣቸው ሁለቱ መስመሮች እየሰመጡ ሲሄዱ መካከሉ እንደ አህያ ጀርባ ከፍ ብሎ ይቀራል። የመኪናውን ሆድ የሚመታው ያ መካከለኛው ጉብታ ነው።

የጉብታውን ከፍታ በስንዝር ይለኩት። የአዋቂ ሰው ስንዝር ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ጉብታው አንድ ስንዝር ከሞላ፣ ሆዱ ከመሬት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ የሚለው ሱዙኪ ዲዛየርና መሰሎቹ አውቶሞቢሎች ሳይነኩ ሊያልፉበት አይችሉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ በወረቀት ላይ የሚጻፈው ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚለካው መኪናው ባዶውን ሲቆም መሆኑን ነው። አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ኋላው ላይ ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን ሁለት ሦስት ሲጫንበት ሞላው ይረግጥና ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ይቀንሳሉ። እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ሳለ ሜትር ይዘው ጎንበስ ማለት አያሳፍርም። ከሆዱ ሌላ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው ከፊት ጎማ ወደ ፊት የወጣው አፍንጫ ርዝመት ነው፤ ግቢ ሲገባ የውኃ መውረጃ ቦይ ላይ የተሠራውን ድልድይ የሚልሰው እሱ ነው። ሁለተኛው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር መኪናው ጉብታ ሲሻገር መሐል ሆዱ የመንካት ዕድሉ ይጨምራል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በገንዘቤ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ንጹሕ የሆነ ያገለገለ አውቶሞቢል ነበር፤ ለሙከራ ብቻዬን ተቀምጬ በአስፋልት ላይ ነዳሁትና ወደድኩት። በመጀመሪያው ሐምሌ ማርሚታው ተቀደደ፤ በሁለተኛው ደግሞ ድንጋይ ከሥር መትቶት የሞተር ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ አለቀ። መኪናው አንዳች ጥፋት አልነበረበትም፤ መንገዱን ያልለካሁት እኔ ነኝ።

ቢሆንም አውቶሞቢልን አላጥላላም። መንገዱ እስከ በሩ ድረስ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ለሆነለት ሰው፣ ለምሳሌ በአያት ወይም በለቡ ለሚኖርና በየቀኑ መሐል ከተማ ለሚመላለስ፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ዝቅ ያለና ቀላል በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በመታጠፊያ ላይ አይወዛወዝም፤ ዕቃው ተቆልፎበት ከዓይን ይሰወራል። ዲዛየር ርዝመቱ ለጥቂት 4 ሜትር ስለማይሞላ በኮንዶሚኒየም ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ አያስቸግርም። በቅቤና በቀይ ሽንኩርት ሽታ ታጅቦ ከገበያ የተመለሰ ሰው ደግሞ የዕቃ ቦታው ከመቀመጫው የተለየ መሆኑ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል።

ሀችባክ፣ እንደ ቪትዝ ያለው ማለት ነው፣ የአውቶሞቢሉ ታናሽ ወንድም ነው። የኋላ መቀመጫው ሲታጠፍ ከአጭር ቁመቱ የማይጠበቅ ዕቃ ይውጣል፤ ለፋሲካ በግ የጫነበት ጎረቤት አለኝ፣ ሽታው ግን እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ አልለቀቀውም። በበጋ አቧራ ደግሞ የኋላ መስታወቱ ቶሎ ይሸፈናል፤ ኋላው ቀጥ ብሎ ስለሚቆረጥ ነፋሱ አቧራውን መልሶ ይስበዋልና። ስለዚህ የኋላ መጥረጊያው የሚሠራ መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ሱሉልታ ለሚኖሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ አየር አምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 1,000 ሲሲ ሞተር ያለው መኪና አምስት ሰው ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ መሆኑን አይርሱ።

ኤስዩቪ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ነውና። ከፍ ያለ መኪና ሁሉ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ይመስለናል፤ ነገር ግን በከተማችን ከሚታዩት ከፍ ያሉ መኪኖች ብዙዎቹ የሚጎትቱት በሁለት ጎማ ብቻ ነው። ቁመናው ጉብታውን ያሻግርዎታል፤ በመረሬ ጭቃ ውስጥ ግን ጥርሱ ያለቀ ጎማ ያለው ኤስዩቪ ከደህና ጎማ ጋር ካለ አሮጌ ኮሮላ ቀድሞ ይቆማል። ስለዚህ ችግርዎ ጉብታ ከሆነ ባለ ሁለት ጎማ ጎታቹ ይበቃዎታል፤ ችግርዎ ጭቃና ዳገት በአንድ ላይ ከሆነ ግን እውነተኛ ባለ ፎርዊል ይፈልጉ፣ መሥራቱንም በሻጩ ቃል ሳይሆን በመካኒክ ያረጋግጡ። ኤስዩቪ ክብደቱና ቁመቱ ስለሚበልጥ ነዳጅ፣ ጎማና ፍሬን ቶሎ ይበላል። አስፋልት በር ድረስ እያለው ለግርማ ሞገስ ብቻ የሚገዛ ሰው ያንን ወጪ ዕድሜ ልኩን ይከፍላል።

ደብል ጋቢና ፒክአፕ ደግሞ ቤት እየሠራ ያለውን ሁሉ ያጓጓል። አንድ ቶን ገደማ ስለሚጭን 50 ኪሎ የሚመዝነውን ሲሚንቶ አሥር ከረጢት ቢያስቀምጡበት ምንም አይሰማውም። ሆኖም ግንባታ ያልቃል። ፌሮም ቢሆን 12 ሜትር ስለሚረዝም ለእሱ ያው ኢሱዙ መከራየት አይቀርም። ከግንባታው በኋላ ባዶውን የሚነዳ ፒክአፕ ለጭነት የተሠራው ባሌስትራው ስለማይታጠፍለት ይነጥራል፤ ኋላው ቀላል ስለሆነም ፎርዊሉ ካልገባ በጭቃ ይንሸራተታል። ርዝመቱ 5.3 ሜትር አካባቢ መሆኑን ደግሞ በጠባብ መንደር ውስጥ ሲያዞሩት ያዩታል። በየሳምንቱ ከዱከም ወይም ከሰንዳፋ እህል፣ መኖ ወይም አትክልት ለሚያመላልስ ሰው ግን ምትክ የለውም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጭን፣ ለእነዚያ ሁለት ቀናት መኪና መከራየቱ ይረክሳል።

ሰባት ሰው የሚይዙት መኪኖች አያት፣ ልጆችና የጎረቤት ተማሪዎች አብረው ለሚጓዙበት ቤት ተገቢ ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ሲሞላ የዕቃ ቦታ እንደማይተርፍ ብቻ ይወቁ። ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪናን በተመለከተ በኮረኮንች ላይ ለሚኖር ሰው የምለው የለኝም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሆኗል። ሞተሩ አየር ስለማይምግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድም ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው የተነጠፈው ወለሉ ሥር ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው የሚደርሰው ጉዳት ማርሚታ ከመቀደድ ጋር አይወዳደርም። እንደ ፎልክስቫገን አይዲ 6 ያሉት ረጃጅሞቹ ደግሞ በጎማዎቻቸው መካከል 3 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ስላላቸው፣ መንገዱን አቋርጦ የተኛ ጉብታ ሲሻገሩ ሆዳቸው ይበልጥ ያሰጋል። የራስዎ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ካለዎት ማታ ማታ ይሞላል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ ግን ገመዱ ከየት ወዴት እንደሚወርድ አስቀድመው ከኮሚቴው ጋር ይነጋገሩ።

ውሳኔዎ ላይ ሲደርሱ ሻጩ መኪናውን ይዞ እስከ ቤትዎ እንዲመጣ ይጠይቁት፤ ቤተሰቡ ይሳፈር፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይጫን፣ በዚያው በሚያውቁት መንገድ ይሂዱ፣ በግቢው በር ገብታችሁም በሩን ዝጉት። እምቢ ካለ፣ ቢያንስ የበሩን ስፋትና የጉብታውን ከፍታ በወረቀት ጽፈው ከሜትር ጋር ኪስዎ ውስጥ ይያዙና እሱ ዘንድ ሄደው ይለኩ።