ድምፅን በዓይን መግዛትና ሌሎች የስቴሪዮ ስህተቶች

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ የሻንጣውን ግማሽ የሚይዝ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የስቴሪዮ ድምፅ ማጉያ፣ ይዞልኝ መጣ። ከባድ፣ ፊቱ ብርማ፣ ቁልፎቹ እንደ ድሮ ሬዲዮ ሲዞሩ የሚያስደስቱ። ጀርባውን እንኳ ሳላይ ሶኬት ላይ ሰካሁት። መብራቱ ቦግ አለ፣ ውስጡ "እምምም" አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። አለቀ።

"ምነው ብትጠይቀኝ?" አለ የአክስቴ ልጅ። እሱስ ምነው ቢነግረኝ?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ፣ አበላሽቻለሁም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ጓደኞቼ ሠርተውልኛል።

ጀርባውን ሳያነቡ መሰካት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው (ሄርትዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው)። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ። የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት። ዕቃው የሚፈልገው ቮልት ጀርባው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ገመዱ ከሚወጣበት አጠገብ ተጽፏል። "100–240" የሚል ከሆነ በሰላም ሰኩት። "120" ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አንዳንድ የድሮ ዕቃዎች ደግሞ ጀርባቸው ላይ በካቻቪቴ የምትዞር ቮልት መምረጫ አለቻቸው። የእኔው ይኑረው አይኑረው ያየሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ነበረው።

ትራንስፎርመር ስትገዙ በልኩ አትግዙ። አምፕሊፋየሩ 300 ዋት እወስዳለሁ ካለ 500 ዋት የሚችል ግዙ። በልኩ የተገዛው ይግላል፣ ይጮኻል፣ ዕድሜውም አጭር ነው።

የሸክላ ማጫወቻ ከአሜሪካ ለሚያስመጡ ደግሞ አንድ ጉድ አለ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርትዙን አይነካም። ከድሮዎቹ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሞተራቸው ፍጥነት የሚወሰነው በሄርትዙ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲዞር ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆናለች፣ ችክችካው ሙሾ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ "ተበላሽቷል" ብሎ በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ማጫወቻው ግን ምንም አልነበረበትም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ማመን

መርካቶ ገብታችሁ ስፒከር ስትጠይቁ የመጀመሪያው ቃል "ዋት" ነው። "ይሄ ሦስት ሺህ ዋት ነው ወንድሜ፣ ሰፈር ያናውጣል!" ካርቶኑም ላይ በትልቁ ተጽፏል።

እስቲ ዕቃውን አዙሩት። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ከመብራት የሚወስደው ዋት ተጽፏል። 60 ይላል። 60 ዋት የሚበላ ዕቃ ያለማቋረጥ ሦስት ሺህ ዋት ድምፅ አያወጣም፤ ከየት አምጥቶ? የካርቶኑ ቁጥር ለዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ሊወጣ ይችላል ተብሎ በግምት የተጻፈ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። ሻጮቹ "አርኤምኤስ" የሚሉት እሱን ነው። "አርኤምኤሱ ስንት ነው?" ስትሉ ሻጩ ዝም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

እውነተኛው ዋት ራሱ የሚታሰበውን ያህል ለውጥ የለውም። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ይለየዋል፣ ግን ጥቂት ነው። ድምፁ እጥፍ ጮኸ እንድትሉ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። በአንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ማታ በልክ ስታዳምጡ የምትጠቀሙት ከሁለትና ከሦስት ዋት ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ ዋት ይልቅ የስፒከሩን ንቃት፣ ማለትም በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ ተመልከቱ። በአንድ ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 87 የሚሰጠው በሁለት ዋት የሚያወጣውን ያወጣል።

ስፒከርን እንደ አበባ ማስቀመጫ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ማስተካከያውም ነፃ ነው።

የታች ሰፈር አንድ ጋሼ አዲስ ስቴሪዮ ገዝተው "ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቃሉ አይሰማኝም" ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ። ሁለቱ ስፒከሮች ቡፌው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሀል፣ ጥግና ጥግ ተለጥፈዋል። አንደኛው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ። ሁለቱም ዳንቴል ለብሰዋል፤ ዳንቴሉ ደግሞ ግማሽ ፊታቸው ድረስ ወርዷል። ቤዝ በመታ ቁጥር ብርጭቆው አብሮ ያጨበጭባል።

ሁለት በርጩማ አመጣን። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርደን፣ ከጥጉ ወደ ግማሽ ሜትር ሳብ አድርገን፣ በሁለት ሜትር ርቀት አስቀመጥናቸው። ጋሼ የሚቀመጡበትን ወንበርም ከሁለቱ እኩል፣ ሁለት ሜትር ከምናምን ላይ አደረግን። ትንሿ ክብ፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣው፣ በጆሮ ቁመት እንድትሆን ስፒከሮቹን በመጽሐፍ ትንሽ ቀና አደረግናቸው። ዳንቴሉ ወረደ። ያንኑ ዘፈን ደገምነው።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና "ይሄ ክራር ቅድምም ነበረ?" አሉኝ።

ነበረ። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ ከግድግዳው ጋር እየተጋገዘ ያብጣል፣ ክራሩንና ቃሉን ይሸፍናል። ብዙ ሰው ይሄንን ሲሰማ ሌላ ስፒከር ይገዛል። እሱንም እዚያው ጥግ ይለጥፈዋል።

ክፍሉም ራሱ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። "ጭው" የሚል ማስተጋቢያ ከተመለሰ ሲሚንቶው ግድግዳና ሴራሚኩ ወለል ድምፁን እያላተሙት ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ይረዳል። በባዶ ክፍል ውስጥ ውድ ስፒከር ከመስማት በምንጣፍ ላይ ርካሽ ስፒከር መስማት ይሻለኛል።

እግረ መንገዴን፣ ቤዙ ለእናንተ ብቻ አይደለም። በኮንዶሚኒየም ቃሉ ግድግዳው ላይ ሊቀር ይችላል፣ ቤዙ ግን በሲሚንቶው ይጓዛል። ታች ያለችው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ስትመታ ነው የገባኝ። ከስፒከሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ማስገባት ትንሽ አስታገሳት። ቤዙን መቀነስ የበለጠ አስታገሳት።

ቀዩን ወደ ጥቁር

ከአምፕሊፋየሩ ቀይ ወደ ስፒከሩ ቀይ፣ ከጥቁር ወደ ጥቁር። ቀላል ይመስላል፤ ግን የብዙ ቤት ስቴሪዮ አንዱ ተገልብጦ ነው ያለው። ሁለቱም ቢገለበጡ ችግር የለውም። አንዱ ብቻ ሲገለበጥ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይታወቅም። ከተጠራጠራችሁ አምፕሊፋየሩን አጥፉና የአንዱን ስፒከር ሁለት ገመዶች አቀያይሩ። ቤዙ የሞላበት ትክክለኛው ነው።

ስለ ገመድ ብዙ አልልም። ለሳሎን ቤት ስፋቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ተራ የመብራት ገመድ ይበቃል። በወርቅ ዋጋ የሚሸጠውን ተዉት። ጫፉ ላይ አንዲት የመዳብ ክር ተርፋ ቀዩንና ጥቁሩን እንዳታነካካ ብቻ ተጠንቀቁ፤ አምፕሊፋየሩን ልትጨርሰው ትችላለች።

ግብዣ ሲመጣ ሁሉንም መሰካት

የልደት ቀን ነው። አንዱ "እኔም ቤት ሁለት ስፒከር አለ" ይላል። ያመጣል። ባሉት ላይ ይደርቡታል። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሌላ ባለ 8 ሲደረብ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው። አራት ከተደረቡ 2። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር አምፕሊፋየሩ የበለጠ ይሠራል፣ ይግላል። ስንት ኦም ድረስ እንደሚችል ጀርባው ላይ ተጽፏል። አሁንም ጀርባው!

ከዚያ ቤዙ እስከ መጨረሻ፣ ትሬብሉም (ቀጭኑ ድምፅ) እስከ መጨረሻ ይዞራል። ቤዙን በ10 ዴሲቤል ስታነሱት እዚያ ቦታ ላይ አሥር እጥፍ ዋት እየጠየቃችሁ ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁ ይሻክራል፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን የታመመ ይመስላል። ያን ጊዜ ዝቅ አድርጉት። ሰው "ስፒከሩን ያቃጠለው ትልቅ አምፕሊፋየር ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ትንሿን ክብ የሚያቃጥላት እስከ ጫፍ የተጨመቀ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው።

መብራት ሲጠፋ ዝም ብሎ መቀመጥ

ዕቃን የሚጎዳው የመብራቱ መጥፋት ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ነው። ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ሥራ ስለምውል የቮልት መከላከያ ገዝቻለሁ። ድምፁንም ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጥቶ ቤቱ በእስክስታ ሲቀልጥ ከአልጋዬ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ዳንቴሉን አምፕሊፋየሩ ላይ አታልብሱት። ያ ቀዳዳ መተንፈሻው ነው። የቡና ረከቦትና የእጣን ማጨሻም ከአጠገቡ ይራቁ።

ሸክላውን ወደ "ኦክስ" መሰካት

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ ማሳተም የጀመራቸው ዓይነት ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። አውጥታችሁ ስታጫውቱ ድምፁ እንደ ትንኝ ከቀጠነ ሸክላው አርጅቶ ላይሆን ይችላል። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ የቮልት ጥቂት ሺኛ ነው፤ "ኦክስ" የሚባለው ተራ መሰኪያ አይበቃውም። "ፎኖ" የሚል መሰኪያ ወይም ለብቻው የሚሸጥ የፎኖ ማጉያ ይፈልጋል። የሸክላ ፍጥነት መምረጫውም 45 ላይ ይሁን።

ለቆራሌው መስጠት

ይሄ ያንገበግበኛል። "ቆራሌውው!" ሲል የአባታችሁን ስፒከር አውጥታችሁ በፕላስቲክ ሳፋ አትለውጡ። የድሮ ስፒከር ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ይፈረፈራል፣ ድምፁም ይንኮሻኮሻል። ያ የሞት ምልክት አይደለም። ዙሪያው ይቀየራል፤ እጁ የተፍታታ ጠጋኝ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

የካሴት ማጫወቻም እንደዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ጎማው ነው። ይረግባል፣ አንዳንዴም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ጎማው ይቀየራል፣ ካሴቱ የሚነካካቸው ብረቶች በጥጥና በንፁህ አልኮል ይጠረጋሉ። ከጥጡ የሚወጣውን ቡናማ ነገር ስታዩ ለዓመታት ምን ስትሰሙ እንደኖራችሁ ይገባችኋል።

እናቴ ቤት ከቁም ሣጥን ሥር አንድ ማጫወቻና አንድ ካሴት አገኘሁ። ካሴቱ በስክሪብቶ "ለቤተሰብ በሙሉ" ይላል። አጎቴ ስልክ ውድ በነበረ ጊዜ ከውጭ አገር በድምፁ የላከው ደብዳቤ ነው። ማጫወቻው ጎማ ተቀየረለት። እናቴ "በል አስገባው" አለች። እኔ ግን መጀመሪያ የማላዝንለትን፣ የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴት አስገባሁ። ማጫወቻው በላው። ክሩን ከውስጡ በእርሳስ እየጎተትኩ ሳወጣ እናቴ ያንን ካሴት መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ "አስተካክለህ ስትጨርስ ትጠራኛለህ" ብላኝ ወጣች።