ተቅማጥ ያደከመውን ሕፃን መመለስ፦ ለሕፃናት ክፍል ነርሶች

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው የሰውነቱን ውሃና ጨው ጠርጎ ስለሚወስድበት ነው። የሄደውን የመተካቱ ሥራ ደግሞ አብዛኛው በነርስ እጅ ያልፋል። ሐኪሙ ያዝዛል፤ ልጁን የሚመዝነው፣ ጠብታ የሚቆጥረው፣ ማንኪያውን ለእናትየው የሚያስጨብጠው፣ ሰዓት እየጠበቀ ተመልሶ የሚያየው ነርሱ ነው። ትእዛዙ ልክ ሆኖ ሳለ ልጅ የሚያመልጠን ተመልሶ የሚያይ ሲጠፋ ነው።

እዚህ የተጻፈው ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ «ተቅማጥ ብቻ ነው» ተብሎ ወረፋ አይጠብቅም፤ ቅድሚያ አግኝቶ በሐኪም ይታያል። ስሌቱ እንዲጨበጥ የ10 ወር ዕድሜ ያለውንና 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ምሳሌ አድርገን እንሂድ።

ካርድ ከመውጣቱ በፊት

አስታማሚው ካርድ ለማውጣት ከመሰለፉ በፊት ልጁን ከነእቅፉ ይዩት። ይተነፍሳል? ከንፈሩ ጠቁሯል? እየተንቀጠቀጠ ነው? ስሙ ሲጠራ ወይም ሲነካ ዓይኑን ይገልጣል? ከዚያ እጁን ይንኩት። መዳፉ ከቀዘቀዘ፣ የአውራ ጣት ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከወሰደና የልብ ምቱ ፈጣንና ደካማ ከሆነ ልጁ ሾክ ውስጥ ነው (ደሙ ለሰውነቱ በበቂ እየደረሰ አይደለም)። ሐኪም ይጠሩ፣ ኦክስጅን ይጀምሩ፣ ደም ሥር ይፈልጉ። ካርዱን ሌላ ሰው ያውጣ።

የፈዘዘ ልጅ የደም ስኳሩ ወዲያው ይለካ። ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ (በምግብ እጥረት በጣም ለተጎዳ ልጅ ከ54 በታች) 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጠዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለ 40 በመቶው ብቻ ከሆነ አንድ እጅ ግሉኮስ በሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ይቀጠናል፤ ለምሳሌያችን ልጅ 10 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ከ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚያስፈልገው 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ባለ 40 በመቶውን ሳያቀጥኑ መስጠት የሕፃኑን ደም ሥር ያቃጥላል።

የድርቀቱን መጠን መለየት

አራት ነገር ይታያል፦ የልጁ ንቃት፣ ዓይኑ፣ አጠጣጡና ቆዳው። ከአራቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ከባድ ምልክት ካሳዩ (መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት፣ የሰረጎደ ዓይን፣ መጠጣት አለመቻል፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚመለስ ቆዳ) ድርቀቱ ከባድ ነው። ልጁ የሚነጫነጭ፣ ዓይኑ የሰረጎደ፣ ውሃ ሲያይ የሚስገበገብ፣ ቆዳው ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነና ሁለቱ ከታዩ ድርቀቱ መጠነኛ ነው።

ብዙ ስሕተት የሚሠራው ቆዳው ላይ ነው። የሚቆነጠጠው ሆድ ላይ ነው፤ በእምብርትና በጎን መሐል፣ ከላይ ወደ ታች በሚሄድ አቅጣጫ፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት የውስጥ ገጽ ለአንድ ሴኮንድ ተይዞ ይለቀቃል። በጣት ጫፍ መቆንጠጥ ያሳምማል፤ ልጁ ሲያለቅስም ሆዱ ይወጠርና መለየት ያስቸግራል። እጥፋቱ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከቆየ በጣም ቀስ ብሎ ተመልሷል ማለት ነው። ስለ ዓይኑ እናትየዋን ይጠይቋት፤ «ዓይኑ ድሮም እንዲህ ነው?» የሚለውን ከእሷ በላይ የሚመልስ የለም። አጠጣጡን በወሬ አይቀበሉ፤ ውሃ በኩባያ ይስጡትና ይዩት። በዚያው ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ሰገራው ደም እንዳለበት፣ መጨረሻ መቼ እንደሸና ይጠይቁ። ሰገራው የሩዝ ውሃ የመሰለና ብዛቱ የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ በተለይ በአካባቢው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲኖር፣ ልጁን ለይቶ ማስተኛትና ወዲያው ሪፖርት ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ሚዛን። ልብሱ ይውለቅ፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ቁጥሩ ወዲያው ይጻፍ። ከዚህ በኋላ የሚታዘዘው ሁሉ በኪሎ የሚባዛ ነውና በዓይን የተገመተ ክብደት እስከ መጨረሻው ያሳስታል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ የክንድ መለኪያውንም አይርሱ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮች ላይ እብጠት ካለ ሕክምናው ሌላ ነው፤ በኋላ እንመጣበታለን።

ማንኪያው

መጠነኛ ድርቀት ያለበት ልጅ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በ4 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል። ለ8 ኪሎው ልጅ 600 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 150 መሆኑ ነው። ይህን ለእናት በሚሊ ሊትር መንገር ምንም አይጠቅማትም። በሻይ ማንኪያ ይንገሯት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ከሰጠችው በሰዓት ልክ 150 ይሞላል። የተለካውን 600 ሚሊ ሊትር በአንድ ዕቃ ለይተው አጠገቧ ያስቀምጡ፤ ስንት እንደቀረ ራሷ ታያለች።

ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠበቅና ቀስ ተብሎ እንደገና ይጀመራል። ትውከት ማንኪያውን ለማቆም ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመልሰው ከኩባያ በአንዴ ሲጋት ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ በመሐል ይጥባ። የዓይኑ ቆብ ካበጠ ፈሳሹ በዝቷልና ኦአርኤሱ ቆሞ ጡትና ንጹሕ ውሃ ይቀጥላል። 4 ሰዓቱ ሲሞላ አራቱን ምልክቶች እንደ አዲስ ይመርምሩ። የሰጡት መጠን ልክ መሆኑ ልጁ መዳኑን አያሳይም፤ የሚያሳየው ልጁ ራሱ ነው።

«ለምን ግሉኮስ አይሰካለትም?» የሚል ጥያቄ ከቤተሰብ መምጣቱ አይቀርም። በብዙ ሰው ዘንድ የተሰቀለ ከረጢት ከማንኪያ ይልቅ እውነተኛ ሕክምና ይመስላል። ጥያቄውን አያጣጥሉት። መጠጣት ለሚችል ልጅ ኦአርኤስ የጠፋበትን ጨውና ውሃ ያለ መርፌ እንደሚተካለት፣ ባለ 5 በመቶው ግሉኮስ ብቻውን ግን ጨው ስለሌለው ለዚህ ሕመም እንደማይሆን ይንገሯቸው። ሲገባቸው ማንኪያውን እየተቀባበሉ ያድራሉ።

ከረጢቱ

ከባድ ድርቀት ላለበት ልጅ ሪንገር ላክቴት (ጨዎች ያሉት የደም ሥር ፈሳሽ) በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጣል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ መጀመሪያ በኪሎ 30 በአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በኪሎ 70 በ5 ሰዓት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ምሳሌያችን ልጅ መጀመሪያ 240 ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎ 560 ሚሊ ሊትር (በሰዓት 112) ይወስዳል።

ጠብታውን ከመቁጠርዎ በፊት የመስመሩን (ፈሳሹ የሚወርድበትን ቱቦ) ማሸጊያ ያንብቡ። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በሰዓት የሚያስፈልገውን ሚሊ ሊትር ለ3 ያካፍሉ፤ መጀመሪያ በደቂቃ 80 ጠብታ፣ ከዚያ ወደ 37 ጠብታ ይመጣል። 60 ጠብታ የሚሰጠው ደቃቅ ጠብታ ከሆነ በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚቆጠረው ጠብታ እኩል ናቸው። ሁለቱን ማምታታት የታዘዘውን ሦስት እጥፍ ወይም ሲሶ ብቻ መስጠት ነው።

መለኪያ ያለው ቢውሬት (ፈሳሹን በትንሽ በትንሹ ለይቶ የሚይዝ ዕቃ) ከሌለ የ1 ሊትር ከረጢት ሙሉውን ሕፃን ላይ አይስቀሉ። መቆጣጠሪያው ቢላላ ወይም አስታማሚ ሳያውቅ ቢነካው ሁሉም ይፈስሳል። ለምሳሌያችን ልጅ ጠቅላላው 800 ሚሊ ሊትር ነውና ከመስቀልዎ በፊት ትርፉን 200 ሚሊ ሊትር ያፍስሱ፣ ከረጢቱ ላይ ፕላስተር በቁመቱ ለጥፈው በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት በመስመር ያመልክቱ። ተረኛው ሲቀየርም አዲሱ ነርስ በአንድ እይታ ይገባዋል።

የእጁ ምት በደንብ እስኪጠነክር በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ይዩት፤ የመጀመሪያው 30 ካለቀ በኋላም ምቱ በጣም ደካማ ከሆነ ያው መጠን አንድ ጊዜ ይደገማል። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) የገባበትን ቦታ በየሰዓቱ ይንኩ፤ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቷል። መጠጣት ሲጀምር በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በሰዓት ኦአርኤስ ይጨመርለት። ሴፍትሪአክሰን የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት ከሪንገር ጋር በአንድ መስመር አይስጡ፤ ሪንገር ካልሲየም ስላለው ከመድኃኒቱ ጋር ይረጋል። ደም ሥር አልገኝ ካለ ሰዓት አያባክኑ፤ በአፍንጫ ቱቦ ኦአርኤስ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በሰዓት ለ6 ሰዓት መስጠት ይቻላል።

ካኑላ ሲገባ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይሁን፣ ፊቱ ወደ እሷ። «ዝም ካላልክ መርፌ ትወጋሃለች» የሚል ማስፈራሪያ ሲሰሙ በትሕትና ያስቁሙ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ነርስ ባየ ቁጥር ስለሚያለቅስ ትንፋሹንም ምቱንም በትክክል መቁጠር አይቻልም።

የከሳው ልጅ

የክንዱ መለኪያ ከ11.5 በታች የሆነ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ላይ ከላይ ያለው ስሌት አደጋ ነው። ቆዳው ከሥሩ ስብ ስለሌለው ድርቀት ሳይኖርም ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ዓይኑም እንዲሁ የሰረጎደ ነው። ልቡ ደክሟል፣ ሰውነቱ ጨው አከማችቷል፤ በፍጥነት የገባ ፈሳሽ ልቡን ያቆመዋል። ሾክ ውስጥ ካልሆነ በቀር በደም ሥር ፈሳሽ አይሰጠውም። ሬዞማል (በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ የተዘጋጀ፣ ጨው የቀነሰ ኦአርኤስ) በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየግማሽ ሰዓቱ ለ2 ሰዓት፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በኪሎ በሰዓት ኤፍ 75 ከተባለው የሕክምና ወተት ጋር እየተፈራረቀ ይሰጣል። ለ6 ኪሎ ልጅ መነሻው በየግማሽ ሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ትንፋሹንና የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረው ይጻፉ። በኋላ ትንፋሹ በ5፣ ምቱ በ25 ከጨመረ ሬዞማሉ ወዲያው ይቁምና ሐኪም ይጠራ። የመነሻው ቁጥር ካልተጻፈ ጭማሪውን ማንም አያውቀውም። ይህ ልጅ በቶሎ ይቀዘቅዛልም፤ እናቱ ደረት ላይ ተሸፍኖ ይቆይ፣ የሌሊቱ ወተትም እንዳይዘለል።

ቤተሰቡ

እናትየዋ እዚህ ከመድረሷ በፊት ያደረገችውን ሳትፈራ መንገር አለባት። «ጥርስ ሲያወጣ ነው» ተብሎ ቀናት አልፈው ይሆናል፤ ግግ ነው ተብሎ ድዱ ተነቅሎ፣ ወይም እንጥሉ ተቆርጦ ይሆናል። አፉን ይዩ፤ ቁስል ካለ የማይጠጣበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል፣ መድማትና ኢንፌክሽንም ያስከትላል። ወቀሳ ከሰማች ቀሪውን ትደብቃለች። ለጸበል ልውሰደው ያለችን እናት ብንቆጣት ሌሊት ይዛው ልትወጣ ትችላለች፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ እንድትቆይ ብንለምናትና የንስሐ አባቷ አልጋው ድረስ መጥተው እንዲጸልዩ ብንፈቅድ ግን የመቆየቷ ዕድል ይሰፋል።

እሷም መብላቷን ይጠይቁ። ሳትበላና ሳትተኛ የቆየች እናት በየሁለት ደቂቃው ማንኪያ ማንሳት አትችልም። አባት ወይም አያት ካሉ በፈረቃ እንዲተኩ ያድርጉ፤ ማንም ከሌለ ይህን በርክክብ ላይ ይናገሩ፣ የሌሊቱ ተረኛ ያቺን አልጋ ደጋግሞ ይይ።

ከመሸኘት በፊት

ኦአርኤሱን ራሷ እጇን ታጥባ ፊትዎ ትበጥብጥ። አንድ ሙሉ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፤ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ለመለኪያ ይበቃል። አንዳንዱ ዱቄቱን ከፋፍሎ በኩባያ ይበጠብጣል፣ ሌላው ጣዕሙን ለማሻሻል ስኳር ይጨምራል፤ ውሃው ሲያንስ ጨው ይበዛል፣ ስኳር ሲጨመር ተቅማጡ ይብሳል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ቤት ውስጥ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ይሰጣል።

ዚንክ ከ6 ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ፍሬው በማንኪያ ላይ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩም እንዳይቆም አጥብቀው ይንገሩ፤ ቀሪዎቹ ቀናት በሚቀጥሉት ወራት ሕመሙ እንዳይመለስበት የሚያግዙ ናቸው። ማስቆሚያ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይሰጡም ያስጠንቅቁ። ምግቡ አይከልከል፤ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ያለበት ወፍራም ገንፎ ከቀጭን አጥሚት ይሻለዋል፣ ከዳነም በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይብላ።

መቼ እንደምትመለስ በራሷ ቃል ታስረዳዎ፦ መጠጣት ወይም መጥባት ሲያቅተው፣ ሰገራው ደም ሲኖረው፣ ሲያተኩሰው፣ ሕመሙ ሲብስበት። የክትባት ካርዱንም ይመልከቱ፤ ያመለጠው ሮታ ወይም ኩፍኝ ካለ ዕድሜው እስከፈቀደ ድረስ ሳይወጣ ይከተብ። የመውጫው ክብደት ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስና የቀረው ዚንክ በእጇ ይሰጣት፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤቷ ድረስ ሄዳ እንድታየው የመላኪያ ወረቀቱ አብሮ ይሂድ።