ፓወርፒሲ ላይ ያለ ምክንያት የሚወድቅ የጂዲቢ ቴስት

ኤክስ86 (የተለመደው የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ዓይነት) ላይ ያለችግር ያለፈ የጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው ዲበገር) ቴስት ባለ 64 ቢቱ ሊትል ኢንዲያን (የቁጥሩን ትንሹን ባይት የሚያስቀድም) ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ላይ ከወደቀባችሁ፣ ዲበገሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ብሬክፖይንቱ (ፕሮግራሙ እንዲቆም የተመረጠው ቦታ) እንዴት እንደተቀመጠ እዩ። ከፈንክሽኑ ስም ፊት የኮከብ ምልክት (*) ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። እዚህ ፕሮሰሰር ላይ አንድ ፈንክሽን ሁለት መግቢያ ሊኖረው ይችላል። ከሌላ ላይብረሪ የመጣ ጥሪ በመጀመሪያው ገብቶ በሁለት ኢንስትራክሽን ሬጅስተር 2ን (የዳታውን አድራሻ የሚይዘውን የፕሮሰሰሩን ማስቀመጫ) ያዘጋጃል፤ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለ ጠሪ ግን እነዚያን 8 ባይቶች ዘሎ በሁለተኛው ይገባል። ኮከቡ ብሬክፖይንቱን የመጀመሪያው መግቢያ ላይ ስለሚተክለው፣ ጥሪው በሁለተኛው ሲገባ ፕሮግራሙ ሳይቆም ያልፋል።

ኮከቡን አንሱና በስሙ ብቻ አስቀምጡት፤ ሁለተኛውን መግቢያ ጂዲቢ ራሱ ያውቀዋል። እባካችሁ ቴስቱን ዝም ብላችሁ «የሚጠበቅ ውድቀት» ብላችሁ አትመዝግቡት፤ ነገ እውነተኛ ስህተት ሲመጣ ከሥሩ ይደበቃል።