ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው የለም፦ የአይሪስ ችግርና መፍትሄው

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሰው ጓሮው ውስጥ አይሪስ ቢያገኝ አይገርምም። ወይ የቀድሞው ባለቤት ተክሎት ሄዷል፣ ወይ ጎረቤት በፌስታል ቋጥሮ ሰጥቶታል። እዚህ የማወራው በብዛት ስለሚተከለው፣ አበባው ላይ ጺም የመሰለ ጸጉር ስላለው ዓይነት ነው። በዚህ አካባቢ በግንቦት ልደታ ሰሞን ይፈካል። ድርቅ ይችላል። አጋዘን እንኳ እምብዛም አይነካውም። አይሪስን የሚያስቸግረው እንክብካቤ ሲበዛበት ነው።

ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን አይሰጥም

መጀመሪያ እታች ያለውን እዩ። አይሪስ እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከሆዱ ይወጣሉ። ጀርባው ፀሐይ ማየት አለበት። ብዙ ጀማሪ ግን ጉድጓድ ምሶ ይቀብረዋል፣ ከላይ ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂ ያለብሰዋል። አበባ የሚጠፋው በዚህ ነው። ፍቅፋቂውን አንሱ፣ አፈሩን በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉና የግንዱን ጀርባ አውጡት። በጣም ከጠለቀ ነቅሎ መልሶ መትከል ይሻላል።

ጥልቀቱ ደህና ከሆነ ፀሐዩን ተመልከቱ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ከዓመታት በፊት ሲተከል ፀሐይ የነበረው ቦታ፣ ዛሬ ዛፉ አድጎ ጥላ ሆኖ ይሆናል።

ሌላው ተጠርጣሪ ማዳበሪያ ነው። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው። የሣር ማዳበሪያ ላይ ይህ ቁጥር ትልቅ ነው፤ አይሪሱ አጠገብ ከተበተነ ቅጠል ብቻ ያንዠረግጋል። የግድ ካላችሁ 5-10-10 ዓይነቱን በጸደይ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ፣ ግንዱን ሳትነኩ ዙሪያውን በትኑ።

መሃሉ ራሰ በራ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ ካቆጠቆጠ ደግሞ ተጨናንቋል ማለት ነው። በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መከፈል አለበት። ጥሩው ጊዜ የፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። በሙሉ ንቀሉት፣ ያረጀውን መሃል ጣሉ፣ ጠንካራና ቅጠል ያለውን ቁራጭ አስቀሩ። ቅጠሉን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩና በ30 ወይም 45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። በሚቀጥለው ግንቦት ላያብብ ይችላል፤ ያ በሽታ አይደለም፣ ታገሱት።

ቅጠሉ ይወድቃል፣ ከታች ይገማል

ግንዱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ሰላም ነው። ከላሸቀና ክፉ ሽታ ካለው ባክቴሪያ አበስብሶታል። የዚህ አካባቢ ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ ይይዛል፤ በዚያ ላይ የሣሩ ስፕሪንክለር በየማለዳው ያርሰዋል። ንቀሉትና የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ነጭ ሥጋ ድረስ በቢላ ቁረጡ። የቀረውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት፤ ቢላውንም እንዲሁ። ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁትና ውሃ የማይተኛበት ቦታ፣ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። ጓንት አድርጉ፣ ከአይሪሱ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ቁርጥራጩን ውሻ እንዳያገኘው፣ ያስመልሰዋል።

የቅጠሉ ዳር ተበልቷል፣ ውሃ የነካው የሚመስል መስመር አለው

ይሄኛው ትል ነው፤ በእኔ ግምት የአይሪስ ዋናው ጠላት። እናቱ ቡናማ የእሳት ራት ናት። በመከር ደረቅ ቅጠል ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። በሚያዝያ ይፈለፈላል፣ ቅጠሉን በስቶ ይገባል፣ በቅጠሉ ውስጥ ለውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። በበጋ ግንዱ ጋ ሲደርስ ሮዝ የሚል፣ ቡናማ ራስ ያለው ወፍራም ትል ሆኗል። ግንዱን ቦርቡሮ ባዶ ያደርገዋል፣ በቀዳዳውም ከላይ ያልነው ብስባሽ ይገባል። ስለዚህ የሸተተ ግንድ ስታገኙ ቀዳዳ ፈልጉ።

መስመሩን ገና ቅጠሉ ላይ ሳለ ካያችሁት መድኃኒት አያስፈልግም። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ ታች ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ትሉ እዚያው ይፈርጣል። ደስ አይልም፣ ግን ይሠራል።

ዋናው ሥራ ያለው ግን መከር ላይ ነው። ውርጭ ከመታው በኋላ፣ ኅዳር ሲታጠን ሰሞን፣ የደረቀውን ቅጠል ጠራርጋችሁ አንሱ። ጭሱ ይቅርባችሁ፤ ጎረቤት እሳት አደጋ ይጠራባችኋል። በከረጢት አስራችሁ ከቆሻሻው ጋር አውጡት። ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት።

ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ

ፈንገስ ነው። የታመመውን ቅጠል ቁረጡ፣ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ አጠጡ።

አበባው ተደፋ

ዝናብ የጠጣ ትልቅ አበባ ይከብዳል። ቀጭን እንጨት አስደግፉት። ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ ቆርጣችሁ ብትወስዱትም ተክሉ አይጎዳም፤ ቅጠሉን ብቻ ተዉለት።

ነጭ ተክዬ ሐምራዊ ሆነ

ይህን ብዙ ሰው ይምላል፣ ግን ያው ግንድ ቀለሙን ቀየረ ማለት አይደለም። ወይ ጎኑ የነበረው ጉልበተኛ ሐምራዊ ነጩን አፍኖታል፣ ወይ ከነጩ የወደቀ ዘር በቅሎ ሌላ ቀለም ይዞ መጥቷል። ስታካፍሉ ቀለሙን ማወቅ ስለማይቻል፣ ግንቦት ላይ ሲያብብ እያንዳንዱ ላይ ክር እሰሩ። አበባው ሲረግፍም ዘር ሳይቋጥር አገዳውን ከታች ቁረጡት።