የማይክሮፋይበር ፓድ ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች፣ ግማሾቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ

ባለፈው ክረምት አንድ ጥቁር ኮሮላ ፖሊሽ አደረግኩ። ጅማን በክረምት ታውቋታላችሁ፤ ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ እንደተኮሳተረ ይውላል። ስጨርስ ኮፈኖው መስታወት መሰለ። እኔ ፎቶ አነሳሁ፣ ባለ መኪናው ጋሼም መርቀውኝ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፣ ስልኬም ጠራ። "ልጄ፣ መኪናዬ ላይ ጉም የሰፈረ ይመስላል፣ እስኪ ና እየው።"

ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ድሮ የነበረው ክብ ክብ ጭረት ጠፍቷል፤ በእሱ ፈንታ ግን መላው ኮፈኖ ላይ ስስ ብዥታ ተኝቷል። ጥፋቱ የፖሊሹ አልነበረም፣ የማሽኑም አልነበረም። በማይክሮፋይበር ፓድ፣ ማለትም ፖሊሽ ማሽኑ ላይ በሚለጠፈው ባለ ፀጉር ክብ መፈተጊያ፣ ጀምሬ በዚያው ስለጨረስኩ ነው።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። ብዙ ሰው ማይክሮፋይበር ሲባል መጥረጊያ ጨርቁን ስለሚያስብ ፓዱም ለስላሳ ይመስለዋል። አይደለም። የመቁረጫ ማይክሮፋይበር ፓድ ጭረት ለማውጣት ከአብዛኛው የስፖንጅ ፓድ ይበረታል፣ ምክንያቱም የፖሊሹን ፍርፋሪ የሚይዘው ፀጉሩ ራሱም ቀለሙን ይፍቃል። ነጭ ቪትዝ ላይ የሚተወው ብዥታ ላይታያችሁ ይችላል። ጥቁር፣ ሰማያዊና ጥቁር ቀይ መኪና ላይ ግን ያጋልጣችኋል። ስለዚህ የመቁረጫ ፓድ ስትገዙ ለማለስለሻ የሚሆን ለስላሳ ስፖንጅ ፓድና ደቃቅ ፖሊሽ አብራችሁ ካልገዛችሁ ግማሽ ዕቃ ነው የገዛችሁት። ሌላው እኔን የሸወደኝ የፖሊሹ ቅባት ነው፤ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል። አሁን በውኃ የቀጠነ አልኮል ጠረግ አድርጌ፣ በእጅ ባትሪ ከጎን አብርቼ ሳላይ "አለቀ" አልልም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። "ማይክሮፋይበር ፓድ አለህ?" ስትሉ የሚወጣላችሁ አንዳንዴ በእጅ ሰም መቀቢያው ነው። ክብ ነው፣ ፀጉር አለው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ግን ማሽን ላይ አይሆንም። ገልብጡት። ጀርባው ላይ የሚጣበቀው ቬልክሮ ከሌለ መልሱት። ቬልክሮ ካለም በአውራ ጣታችሁ ጠርዙን ገፋ ገፋ አድርጉት። ገና በእጅ መላቀቅ የጀመረ ሙጫ ማሽን ላይ ሲግል አይቆይም። ፀጉሩንም ሳብ አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ከቀረ ኮፈኖው ላይም ይቀራል። በመሀሉ ያለውን ስፖንጅም እዩት። ቀጭንና ጠንከር ያለ ከሆነ በኃይል ይቆርጣል፤ ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ የፓራፋንጎን ጥምዝ ይከተላል።

መጠን ላይ ብዙ አልዘገይም። ፓዱ ከሚለጠፍበት የማሽኑ ሳህን ትንሽ መስፋት አለበት። ሳህኑ 5 ኢንች ከሆነ 5.5 ኢንች ፓድ፣ 6 ከሆነ 6.5። እኩል ከሆኑ አንድ ቀን እጃችሁ ያጋድልና የሳህኑ ጠርዝ በሩን ይነክሰዋል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ማሽኑ ይደክማል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ግራይንደር! ብረት የምንቆርጥበት ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ጊዜ አካባቢ ትዞራለች። ሮታሪ፣ ማለትም ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ የሚዞረው የፖሊሽ ማሽን፣ ግን ቢበዛ 3 ሺህ ገደማ ነው። አንድ ወዳጄ "ያው መዞር ነው" ብሎ ሳህን ገጥሞ ማይክሮፋይበር ለጠፈባትና አስነሳት። ፓዱ የት እንደሄደ እስካሁን አላወቅንም። በሩ ላይ ግን የሳንቲም ስፋት ያለው ቃጠሎ ቀርቷል። ማይክሮፋይበር ቶሎ ይግላል። በዋናነት የተሠራውም እየዞረ ወዲያ ወዲህ ለሚወዛወዘው፣ ዲኤ ለምንለው ማሽን ነው። እሱም ላይ ቢሆን ፍጥነቱን ጥግ ድረስ አትክፈቱት። ፓዱን በመዳፋችሁ ነክታችሁ ካቃጠላችሁ አውልቃችሁ ሌላ ግጠሙ።

"ሌላ" ስል ሌላ ሊኖራችሁ ነዋ! አንድ ፓድ ገዝቶ ሙሉ መኪና መጨረስ የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው። ሁለት በር ከሠራችሁ በኋላ ፀጉሩ በፖሊሽና በተፋቀ ቀለም ይጨማለቃል፣ ይተኛል፣ መቁረጡን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። እኔ ለአንድ ቤት መኪና ከ4 እስከ 6 የመቁረጫ ፓድ አዘጋጃለሁ። ገንዘብ ካጠረ አንድ ውድ ከመግዛት አራት መካከለኛ ይሻላል። መሬት ላይ የወደቀ ፓድም ታጥቦ እስኪደርቅ ከጨዋታ ውጪ ነው። የኛን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቅንጣት አሸዋ ከያዘ ጭረት አውጪው ጭረት ሠሪ ይሆናል።

ዋናው ስህተት ግን ቀለሙን ሳያዩ ፓድ መምረጥ ነው። የፋብሪካ ቀለም ላይ ከላይ ያለው ክሊር (ቀለም አልባው ግልጽ ሽፋን) ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከራሳችሁ አንድ ዘለላ ፀጉር ንቀሉ። የሰው ፀጉር ውፍረቱ በአማካይ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። የምትፍቁት ነገር ከእሷ ይቀጥናል ማለት ነው። አንዴ ከተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ፀሐይን የሚከላከለውም እሱ ስለሆነ ከመጠን በላይ ከሳሳ ውሎ አድሮ ይነጣል፣ ይላጣል።

እዚህ ከተማ ደግሞ ባጃጅ ያልነካው በር ማግኘት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ብዙው መኪና ቢያንስ አንዴ ቀለም ቤት ገብቶ ወጥቷል፤ የክሊሩ ውፍረት እንደ ፋብሪካው ላይሆን ይችላል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጉና የቀለም ድንበር ፈልጉ፤ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ፣ ስቱኮ በተሞላበት ቦታ መያዙ ይላላል። የበርና የኮፈኖ ሹል ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው።

ከዚያ ኮፈኖው ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቦታ ምረጡና ሞክሩ። ሁልጊዜ ከደካማው ጀምሩ። መጀመሪያ ስፖንጅ፣ ጭረቱ እምቢ ካለ ብቻ ማይክሮፋይበር። ጥፍራችሁን የሚይዝ ጭረት ከሆነ ተዉት፣ እሱን ለማጥፋት ክሊሩን ትጨርሳላችሁ። በየመሀሉ የፓዱን ፊት እዩ። ክሊር ያለው መኪና ላይ የሚወጣው ዝቃጭ ነጣ ያለ ነው። ቀይ መኪና እየሠራችሁ ፓዱ ከቀላ ግን ማሽኑን አጥፉ። ወይ መኪናው ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩን ጨርሳችሁታል።

አጠቃቀም ላይ አጭር ነገር። አዲስ ፓድ በደረቁ አታስነሱ። መጀመሪያ ፖሊሹን በጣታችሁ ፊቱ ላይ በስሱ አዳርሱት፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያክል ሦስት አራት ጠብታ ይበቃል። ሰው ግን እንደ ዳቦ ማርማላታ ይለቀልቀዋል። አንድ ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥር በኮምፕሬሰር አየር ንፉት፣ ኮምፕሬሰር ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ (ይጠፋል!) በናይለን ብሩሽ ቦርሹት።

እጥበቱ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ፈሳሽ ሳሙና ነው። በረኪና አታስነኩት፣ የልብስ ማለስለሻም አይግባበት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታድርቁ፣ ሙጫው ይለቃል። ሐምሌ ላይ በጥላ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፣ እርጥቡን ላስቲክ ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ይሻግታል። የኔዎቹ አሁን በረንዳ ላይ ከባለቤቴ ነጠላ አጠገብ ተሰጥተዋል፤ ሳታያቸው ማንሳት አለብኝ።