የስፓኒሽ የቤተሰብ መጠሪያዎች በየአገሩ ሲለያዩ፦ የትኛውን መናገር፣ የትኛውን መረዳት ብቻ

ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ማድሬ እናት፣ ፓድሬ አባት፣ ኢኾ ወንድ ልጅ፣ ኤርማና እኅት መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ጋዜጣውም ሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚጻፈው በእነዚሁ ቃላት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ወጥተን ወደ ሰው ቤት ስንገባ ነው። የቤት ውስጥ መጠሪያው ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንዱ አገር የፍቅር የሆነው ቃል በሌላው ነውር የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ተማሪው ሁለት መዝገብ ቢይዝ ይበጀዋል፤ በአንደኛው ራሱ የሚናገራቸውን ጥቂት ቃላት፣ በሁለተኛው ደግሞ ሲሰማ የሚረዳቸውን፣ ግን ከአፉ የማያወጣቸውን ብዙ ቃላት ይመዝግብ።

አስቀድሞ ስለ ድምፅ አንድ ነገር መባል አለበት። ኘ እና ኸ ስላሉን ኒኞ (ሕፃን) እና ኢኻ (ሴት ልጅ) የሚሉትን ቃላት በራሳችን ፊደል ያለ ችግር እንጽፋቸዋለን። ፊደላችን የማያሳየው ድምፁ የሚበረታበትን ቦታ ነው። ፓፓ ሲባል የመጨረሻው ፓ ከበረታ አባባ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ከበረታ ግን የሮማው ሊቀ ጳጳስ፣ በላቲን አሜሪካና በካናሪ ደሴቶች ደግሞ ድንች ይሆናል። ማማም እንዲሁ መጨረሻው ላይ ካልበረታ ጡት ማለት ነው።

ትልቁ የጥንቃቄ ቦታ ሜክሲኮ ነው። ማድሬ የሚለው ቃል በሜክሲኮ ተራ ንግግር ውስጥ እናትን ከመጥራት አልፎ ለብዙ ነገር ይውላል። ‹‹ሜ ባሌ ማድሬ›› ያለ ሰው ግድ የለኝም ማለቱ ነው፤ ዴስማድሬ ትርምስ፣ ማድራሶ ከባድ ምት ነው፤ ‹‹አ ቶዳ ማድሬ›› ግን ተገልብጦ ‹‹እጅግ ግሩም›› ይሆናል። ሁሉም ሻካራ አነጋገሮች ናቸው፤ ከኋላቸውም እናትን የሚነካ ከባድ ስድብ ስላለ፣ ‹‹ቱ ማድሬ›› (እናትህ) የሚሉት ሁለት ቃላት የዚያ ስድብ ጭራ ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ። የባልደረባው እናት መታመማቸውን የሰማ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት ‹‹ኮሞ ኤስታ ቱ ማድሬ›› ብሎ ቢጠይቅ ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ሰሚው ግን ለአፍታ ፊቱ ሊጠቁር ይችላል። ‹‹ኮሞ ኤስታ ቱ ማማ›› ቢል፣ ለሚያከብረው ሰው ደግሞ ‹‹ሱ ማማ›› ቢል፣ ያው ጥያቄ የሐዘኔታ ጥያቄ ሆኖ ይደርሳል። ቃሉ ግን ክብሩን ጨርሶ አላጣም፤ በሜክሲኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 10 ቀን የሚከበረው የእናቶች ቀን ‹‹ዲያ ዴ ላስ ማድሬስ›› ይባላል። አባት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ‹‹ኬ ፓድሬ›› ማለት ‹‹እንዴት ደስ ይላል›› ነውና።

ስፔን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። አዋቂ ሰው ስለ እናቱ ለሌላ ሰው ሲናገር ‹‹ሚ ማድሬ›› ይላል፤ ‹‹ሚ ማማ›› ቢል የልጅ አፍ ይመስልበታል። እንግዲህ በላቲን አሜሪካ ማማ፣ በስፔን ማድሬ ማለት ለጀማሪ የሚያዋጣ ልማድ ነው።

ወላጅን በቅጽል ስም መጥራትም በየቦታው አለ። በአርጀንቲና ቢዬኾ እና ቢዬኻ፣ ቃል በቃል ሽማግሌውና አሮጊቷ፣ አባትና እናት ናቸው፤ በፍቅር እንጂ በንቀት አይባሉም። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ‹‹ሚ ቢዬኻ›› ሚስቴ ማለት ነው፤ እሱም ሻካራ አነጋገር ነው። ስለዚህ ከቢዬኻው ጋር ምሳ እንደሚበላ የነገረዎት ሰው ቦነስ አይረስ ውስጥ ከሆነ ከእናቱ፣ ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ከሆነ ከሚስቱ ጋር ሊቀመጥ ነው። ሜክሲኮዎች ለወላጆቻቸው ኼፌ እና ኼፋ፣ ማለትም አለቃዬ፣ የሚል ቃልም አላቸው። እነዚህን ሁሉ በሁለተኛው መዝገብ ያኑሯቸው፤ የሌላውን ሰው እናት ቢዬኻ ማለት የእንግዳ ድርሻ አይደለም።

ለአያቶች አብዌሎ እና አብዌላ የትም ቢሄዱ ያስኬዳሉ። በቫሌንሲያ፣ በካታሎኒያና በአራጎን ያዮ እና ያያ ይሰማሉ፤ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ከጣሊያን ስደተኞች የተወረሱት ኖኖ እና ኖና አሉ። ሜክሲኮ አብዌሊታ ወይም በአጭሩ አቡዌ ትላለች። ታታ የሚለው ቃል ግን ያሳስታል፤ ቺሌ ውስጥ ወንድ አያት ሲሆን፣ በመካከለኛው አሜሪካ አንዳንድ አካባቢዎች አባት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ያለው በልጆች መጠሪያ ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም ስፓኒሽ እዚህ ላይ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብዙ ተበድሯል። በቺሌ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር ሕፃን ጓጓ ይባላል። ቃሉ ከኬቹዋ የመጣ ነው፤ በኬቹዋ እናት ልጇን ዋዋ ስትል፣ አባት ግን ወንዱን ቹሪ፣ ሴቷን ኡሱሲ ይላል። ስፓኒሽ የወሰደው የእናቲቱን ቃል ብቻ ነው። በኩባ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በፖርቶ ሪኮና በካናሪ ደሴቶች ደግሞ ጓጓ አውቶቡስ ነው። ‹‹ፔርዲ ላ ጓጓ›› ያለች ሴት ሃቫና ውስጥ አውቶቡስ አምልጧታል፤ ሳንቲያጎ ደ ቺሌ ውስጥ ሕፃኑ ጠፍቶባታል። (ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ማስታወስ አይከብድም፤ አውቶቡሱንም ሕፃኑንም የጓጓ ይጠብቃል።)

ኢኳዶር ውስጥ ወንድም ኛኞ፣ እኅት ኛኛ ናቸው። በኬቹዋ ኛኛ ማለት የሴት እኅት ብቻ ናት፤ ለወንድ እኅቱ ፓኒ ናት። ስፓኒሽ ይህን ልዩነት ጥሎ ቃሉን በራሱ የጾታ ደንብ በመጨረሻ አናባቢ አረባው፤ ኛኞ የሚባለው ወንድም የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በኤል ሳልቫዶርና በሆንዱራስ ልጅ ሲፖቴ ይባላል፤ እናቶችም ያለ ምንም ሐፍረት ልጆቻቸውን እንዲሁ ይጠራሉ። ያው ቃል በስፔን የወንድ ብልት የብልግና መጠሪያ ነውና ከሳን ሳልቫዶር ወደ ማድሪድ የሚሻገር ሰው እዚያው ትቶት ቢሄድ ይሻላል። የመጨረሻ ልጅም በየአገሩ የራሱ ስም አለው፤ በስፔን ቤንኻሚን ነው፣ የያዕቆብን ታናሽ ልጅ ብንያምን ተከትሎ። ሜክሲኮ ከናዋትል ቋንቋ ሶኮዮቴን ወስዳለች፤ ኒካራጓ ኩሚቼ፣ ቺሌ ኮንቾ ይላሉ። ኮንቾ ደግሞ በዕቃ ሥር የሚቀር አተላ ማለት ነው፤ ፍቅር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይናገራል። መንታ በአብዛኛው ኼሜሎ ነው፤ ሜክሲኮ ግን ኩዋቴ (ጓደኛም ማለት ነው)፣ ኩባ ኺማጓ፣ ቬኔዙዌላ ሞሮቾ ይላሉ። ሞሮቾ በአርጀንቲና ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው ነው።

ባልና ሚስትን በሚመለከት ኤስፖሶ እና ኤስፖሳ በላቲን አሜሪካ ሁሉ ጨዋ ቃላት ናቸው። ስፔን ውስጥ ግን ጥቂት የመዝገብ ቤት ይሸታሉ፤ ሰዉ ማሪዶ እና ሙኼር ይላል። ሙኼር ሴት ማለት ስለሆነ ሜክሲኮ ውስጥ ‹‹ሚ ሙኼር›› አንዳንድ ጆሮ ላይ ‹‹ሴትዮዬ›› ያህል ይከብዳል። ኤስፖሳስ በብዙ ቁጥር ካቴና ማለት መሆኑ የማያልቅ ቀልድ ነው፤ እርስዎ ባይጀምሩት ይመረጣል። ያልተጋቡ ፍቅረኞች በብዙ አገር ኖቢዮ እና ኖቢያ ሲባሉ፣ ቺሌ ፖሎሎ እና ፖሎላ ትላቸዋለች። እዚያ ኖቢያ ያሏት ልጅ ቀለበት እንዳሰረች ሊቆጠር ስለሚችል፣ ቃሉን መለየቱ ተራ ነገር አይደለም።

ስለ ጋብቻ ዘመዶች ብዙ የሚባል የለም፤ ስዌግራ አማት፣ ዬርኖ የልጅ ባል፣ ኑዌራ ምራት፣ ኩኛዶ የባል ወይም የሚስት ወንድም መሆናቸው የትም አይለወጥም። ‹‹ፋሚሊያ ፖሊቲካ›› የሚል ሐረግ ቢያገኙ ስለ ፓርቲ አይደለም፤ በጋብቻ የመጣ ዘመድ ማለት ነው። ቲዮ እና ቲያ አጎትና አክስት ናቸው፤ ስፔን ውስጥ ግን ወጣቶች እርስ በርሳቸው ‹‹ቲዮ›› ሲባባሉ ‹‹አንተ ልጅ›› እንደ ማለት ነው፤ ቺሌ ውስጥ ደግሞ ልጆች የመዋለ ሕፃናት መምህራቸውን ‹‹ቲያ›› ይላሉ። ዝምድናውን ከቃሉ ብቻ አይቁጠሩ።

አዲስ ቃል ሲገጥምዎ የሚያጣሩበት መንገድ ቀላል ነው። የስፓኒሽ ቋንቋ አካዳሚዎች ማኅበር በ2010 ያሳተመው የአሜሪካ ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የሚሠራበትን አገር በምሕጻረ ቃል ያመለክታል፣ ነውር ከሆነም ይገልጻል። ከመዝገበ ቃላቱ የሚሻለው ግን ባለቤቱን መጠየቅ ነው፦ ‹‹ኮሞ ሌ ዲሴስ አ ቱ አብዌላ››፣ ማለትም ‹‹አያትህን ምን ብለህ ትጠራታለህ››። መልሱ ኖና ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ከልጁ ጋር ስለ እርሷ ሲያወሩ ‹‹ቱ ኖና›› ቢሉ ደስ ይለዋል። ከእርሷ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን እርሷ ራሷ ኖና በሉኝ እስክትል ድረስ ሴኞራ ይበሏት።